የመገናኛ ሬዲዮን በመኪና ላይ መግጠም፦ ከባትሪው ተርሚናል እስከ አንቴናው ጫፍ

አንድ ጊዜ «ሬዲዮው አልሠራ ብሏል» የተባለ ላንድክሩዘር መጣልኝ። ሬዲዮው ሲያዳምጡበት ምንም እንከን የለበትም፤ ሹፌሩ ማይክሮፎኑን አንሥቶ ለመናገር ቁልፉን በተጫነ ቁጥር ግን ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሬዲዮው ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ነበር። ከዳሽቦርዱ ሥር ተንበርክኬ የኃይል ኬብሉን ስከተለው መጨረሻው የሲጋራ መለኮሻው ጀርባ ሆነና፣ በቀጭን ሽቦ ላይ ተጠምጥሞ በናስትሮ የታሰረ፣ ናስትሮውም ቀልጦ የጠቆረ ሆኖ አገኘሁት። ሦስቱም ሬዲዮዎች ጤነኞች ነበሩ። መኪናው ሳይቃጠል መቆየቱ ግን ዕድል እንጂ ሌላ አልነበረም።

በመኪና ላይ የሚገጠም የመገናኛ ሬዲዮ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ከሬዲዮው ይልቅ በባትሪውና በሬዲዮው መካከል ባለው ኬብል ላይ የሚውል ነው። ሬዲዮ ሲያዳምጥ ከግማሽ አምፔር የማይበልጥ ኃይል የሚወስድ ሲሆን፣ ሲናገሩበት ግን 25 ዋት የሚያስተላልፍ የቅርብ ርቀት ቪ.ኤች.ኤፍ. ሬዲዮ 6 ወይም 7 አምፔር፣ 50 ዋት የሚያስተላልፈው 12 አምፔር አካባቢ፣ 100 ዋት የሚያወጣው የረጅም ርቀት ኤች.ኤፍ. ሬዲዮ ደግሞ ንግግሩ በሚጠነክርበት ቅጽበት ከ20 እስከ 25 አምፔር ይስባል። ሲሰማ የሚሠራውና ሲናገሩበት የሚጠፋው ሬዲዮ ምሥጢር ይኸው ነው፤ ለግማሽ አምፔር የበቃው ሽቦ ለ12 አምፔር አይበቃም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሊጠናቀቅ የሚገባው አንድ የወረቀት ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ ውስጥ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረውና የመገናኛ መሣሪያዎችን ዓይነት የሚያጸድቀው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ፈቃድ ያልተገኘለትን ሬዲዮ ወይም ያልተመደበ ፍሪኩዌንሲ የተሞላበትን መሣሪያ መኪና ላይ መግጠም ባለቤቱንም ገጣሚውንም ለችግር ይዳርጋል። የፈቃዱ ቅጂ በመኪናው ውስጥ ቢቀመጥ በኬላ ላይ የሚጠፋውን ጊዜ ይቀንሳል።

ቮልቴጁን በቴስተር እንጂ በግምት አይወቁ

የመኪና ሬዲዮዎች የሚሠሩት በ13.8 ቮልት ሲሆን፣ ይህም ሞተሩ በርቶ ዲናሞው ሲሞላ የ12 ቮልት መኪና ላይ የሚገኘው ልክ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በደንብ የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲበራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ሊያሳይ ይገባል። ሞተሩ በርቶ ከ13 በታች ወይም ከ15 በላይ የሚያሳይ መኪና ላይ ሬዲዮ አይገጠምም፤ በመጀመሪያ ዲናሞው ወይም ሬጉሌተሩ ይታይ።

በላንድክሩዘር ኮፈን ሥር ብዙ ጊዜ ሁለት ባትሪ ይታያል፤ ሁለት ባትሪ ማየት ብቻውን ግን ስለ ቮልቴጁ አይናገርም። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ጋር ተያይዘው ከሆነ መኪናው 12 ቮልት ነው፤ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር ከተያያዘ ግን 24 ቮልት ይሆናል። አይሱዙና ሌሎች የጭነት መኪናዎች በአብዛኛው 24 ቮልት ስለሆኑ፣ ሬዲዮውን በቀጥታ ማገናኘት በአንድ ቅጽበት ያቃጥለዋል።

በ24 ቮልት መኪና ላይ ብዙ ገጣሚዎች የሚፈጽሙት ስሕተት ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱን ለይቶ 12 ቮልት ከእሱ መውሰድ ነው። ሬዲዮው ይሠራል፤ ለዚህም ነው ስሕተቱ የማይታወቀው። ነገር ግን ሬዲዮው የሚስብበት ባትሪ ሲጎድል ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚሞላቸው፣ አንዱ ሁልጊዜ ሳይሞላ፣ ሌላው ደግሞ ከመጠን በላይ እየተሞላ ውኃው እየተነነ ይቆይና ሁለቱም ያለ ጊዜያቸው ይሞታሉ። ትክክለኛው መንገድ ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚቀይር ኮንቨርተር መግጠም ሲሆን፣ ሲገዛም በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የቅጽበት አምፔር ሳይሆን ሳያቋርጥ ሊሸከም የሚችለው አምፔር መታየት አለበት። ለ50 ዋት ሬዲዮ ሳያቋርጥ ቢያንስ 15 አምፔር የሚሰጥ ያስፈልጋል፤ የሚቀመጠውም አየር በሚያገኝበት ቦታ ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። እነዚህም ለመብራትና ለመሳሰለው የሚሆን አነስተኛ የ12 ቮልት ባትሪ ስላላቸው ሬዲዮው ከእሱ ኃይል ማግኘት ይችላል፤ ነገር ግን ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ኬብሎች ሰው የሚገድል ቮልቴጅ የሚሸከሙ ስለሆኑ፣ በእነሱ አቅራቢያ ቀዳዳ አይበሳም፣ ሽቦም አብሮ አይታሰርም።

ኬብሉና ፊውዙ

ፊውዝ ሬዲዮውን ለመጠበቅ የሚገባ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በባትሪው በኩል ያለው ፊውዝ ግን የሚጠብቀው ኬብሉን ነው። የመኪና ባትሪ ሞተሪኖውን ለማዞር በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር የሚሰጥ ስለሆነ፣ ፖዘቲቭ ኬብሉ በስለታም ቆርቆሮ ተፍቆ ቦዲውን ቢነካ ያ ሁሉ ኃይል በኬብሉ ውስጥ ያልፋል፤ ላስቲኩም በሰኮንዶች ውስጥ ይነዳል። ስለዚህ ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተርሚናል ከአንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ መቀመጥ አለበት። ከሬዲዮው ጋር በፋብሪካ የመጣው ፊውዝ ከሬዲዮው አጠገብ ካለ እሱ እንዳለ ሆኖ፣ በባትሪው በኩል ሌላ ይጨመርለታል፤ በመካከል ያለው ሦስትና አራት ሜትር ኬብል ያለ ጠባቂ መቅረት የለበትም።

የፊውዙ መጠን ሬዲዮው ሲያስተላልፍ ከሚስበው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ኬብሉ ሊሸከም ከሚችለው ግን ያነሰ መሆን አለበት። በአብዛኛው ለ25 ዋት ሬዲዮ 10 አምፔር፣ ለ50 ዋት 15 ወይም 20 አምፔር፣ ለኤች.ኤፍ. ደግሞ 30 አምፔር አካባቢ ይሆናል፤ የአምራቹ መመሪያ ሌላ ካለ መመሪያው ይከበራል። ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ወረቀት ብልጭልጭ ወይም በሽቦ ክር መተካት በየመንገዱ የሚታይ ልማድ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ፊውዙ ያስቀረውን እሳት በእጁ እየመለሰው መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። መለዋወጫ ፊውዝ በኪስ ማስታወሻ ደብተር ዋጋ ይገኛልና ሁለት ሦስቱ ከመያዣው ጎን ይታሰሩ።

የኬብሉ ውፍረት በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በአምፔሩና በርቀቱ። ባትሪው ከሬዲዮው 4 ሜትር ቢርቅ፣ ኃይሉ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ 8 ሜትር ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ኬብል በዚህ ርቀት 12 አምፔር ሲያልፍበት 0.7 ቮልት ያህል ይበላል፤ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው ግን 0.3 ቮልት ብቻ ይወስዳል። 0.7 ቮልት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12 ቮልት ላይ ሳለ፣ በየማያያዣው የሚጠፋው ሲደመርበት ሬዲዮው ጋር የሚደርሰው 11 ቮልት ይሆንና፣ ያን ጊዜ ብዙ ሬዲዮዎች ኃይላቸውን ይቀንሳሉ ወይም ይጠፋሉ። እንግዲህ ለቪ.ኤች.ኤፍ. 6፣ ለኤች.ኤፍ. 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢወሰድ አያስቆጭም። ኬብሉ ክሩ የበዛና ተጣጣፊ ይሁን፤ ለቤት ግድግዳ የሚሆነው ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ በፒስታ መንገድ ንዝረት ይሰበራል። በገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ስለሚገኝ፣ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጎ ውስጡ ነጭ አለመሆኑን ማየት ተገቢ ነው።

ኔጌቲቩ የት ይታሰር?

በዚህ ጉዳይ ላይ ገጣሚዎች አይስማሙም፤ የእኔን ፍርድ ምክንያቱን ጨምሬ አስቀምጣለሁ። በቀድሞ ጊዜ ሁለቱም ኬብሎች በቀጥታ ከባትሪው ተርሚናል ይታሰሩ ነበር። ኔጌቲቩ በዚህ መንገድ ያለ ፊውዝ ከታሰረ፣ ባትሪውን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ኬብል አንድ ቀን ሲላላ ወይም ሲዝግ፣ ሞተሪኖው የሚስበው ኃይል መመለሻ ያጣና በሬዲዮው ኔጌቲቭና በአንቴናው ኬብል በኩል ለመመለስ ይሞክራል። ውጤቱ የተቃጠለ ሬዲዮ ነው። በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ደግሞ በባትሪው ኔጌቲቭ ተርሚናል ላይ የተሰካ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ኃይል የሚቆጥር ሴንሰር አለ፤ ሬዲዮው ከሴንሰሩ በፊት ከታሰረ ቆጠራው ይዛባል። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ኔጌቲቩን የባትሪው ወፍራም ኔጌቲቭ ኬብል ቦዲውን በሚያገኝበት ብሎን ላይ ማሰር ነው። አሮጌ መኪና ላይ ከባትሪው ተርሚናል መታሰሩ ግድ ከሆነ በኔጌቲቩም ላይ ፊውዝ ይግባ።

ቦዲው ላይ ሲታሰር ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ንጹሕ ብረት መታየት አለበት፤ ሮንዴላው ጥርስ ያለው ይሁን፤ ከታሰረ በኋላም ዝገት እንዳይበላው ግሪስ ወይም ቀለም ይቀባ። ለኬብሉ ጫፍ ባለቀለበት ማያያዣ በልዩ ፒንሳው ተጨምቆ ይገጠማል። ስታኞ ብቻውን አይበቃም፤ ስታኞ ክሮቹን ወደ አንድ ደረቅ ዘንግ ስለሚቀይራቸው፣ ኬብሉ በሚንቀጠቀጥበት ቦታ ስታኞው የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ይቆረጣል።

ሥራው ሲጀመር ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይወልቁ። በመጀመሪያ የሚፈታው ኔጌቲቩ፣ በመጨረሻ የሚታሰረውም ኔጌቲቩ ነው። ምክንያቱም ፖዘቲቩን ስንፈታ ቁልፉ ድንገት ቦዲውን ቢነካ፣ ኔጌቲቩ ቀድሞ ከተፈታ ምንም አይሆንም፤ ካልተፈታ ግን ቁልፉ ይበየዳል፣ ከባትሪው በሚወጣው ጋዝም ፍንዳታ ሊነሣ ይችላል። አንዳንድ መኪናዎች ባትሪው ሲፈታ ቴፓቸው ኮድ ስለሚጠይቅ ኮዱ ቀድሞ ይጠየቅ።

ኬብሉ የሚያልፍበት መንገድ

ሞተር ክፍሉንና ተሳፋሪውን በሚለየው ግድግዳ ላይ ጎማ ያለበት የፋብሪካ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ እሱን መጠቀም አዲስ ከመብሳት ይሻላል። መብሳት ግድ ከሆነ፣ ትራፓኖው ከመነሣቱ በፊት ከግድግዳው በስተጀርባ የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ መስመር ወይም የሽቦ ጥቅል አለመኖሩ በዓይንም በእጅም ይረጋገጥ፤ ቀዳዳው ላይም ጎማ ይግባበት። ኬብሉ በተጣጣፊ ፕላስቲክ ቱቦ ተሸፍኖ፣ ከጭስ መውጫውና ከሚሽከረከር ነገር ሁሉ ርቆ፣ በየአንድ ስንዝር ተኩል መታሰር አለበት። በሾፌሩ እግር አካባቢ የተንጠለጠለ ኬብል ፍሬን ፔዳል ሥር ሊገባ ስለሚችል ከኤሌክትሪኩ የማይተናነስ አደጋ ነው።

ቢጫ ሽፋን ወይም ቢጫ ሶኬት ያላቸው ሽቦዎች የኤርባግ ናቸው፤ አይነኩም፣ ከእነሱም ኃይል አይወሰድም። ሬዲዮው፣ የማይክሮፎኑ መስቀያና ድምፅ ማጉያው ኤርባግ በሚፈነዳበት መንገድ ላይ ከተገጠሙ በግጭት ጊዜ ወደ ፊት የሚወረወር ብረት ይሆናሉ። በጣሪያው ጠርዝ መጋረጃ ኤርባግ ባላቸው መኪናዎች ደግሞ የአንቴናው ኬብል ከኤርባጉ በስተኋላ ማለፍ አለበት እንጂ በላዩ ተሻግሮ መታሰር የለበትም። ሬዲዮው ራሱ በብሎንና በዳዶ በብረት መያዣ ይታሰር፤ ኮረኮንች ላይ እንደ ድንጋይ የሚዘል ሬዲዮ በመቀመጫ መካከል ተወሽቆ ማየት አሁንም ብርቅ አይደለም።

ከቁልፉ ጋር ይብራ ወይስ ሁልጊዜ?

በቀጥታ ከባትሪው የተያያዘ ሬዲዮ ሳይጠፋ ቢረሳ ግማሽ አምፔር ይስባል እንበል። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት 60 ሰዓት ስለሆነ 30 አምፔር ሰዓት ይወስዳል፤ ይህ የ70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው፤ ሰኞም ሞተሩ ላይነሣ ይችላል። በከተማ ለሚሠራ መኪና ሬዲዮው በሪሌ አማካይነት ከቁልፉ ጋር እንዲበራ ማድረግ ይበቃል። ሪሌው የሚያስፈልገው የሬዲዮው ዋና ኃይል በቀጥታ ከባትሪው እንዲመጣና የቁልፉ ቀጭን ሽቦ ትእዛዝ ብቻ እንዲሰጥ ነው። በርቀት ለሚሄድ መኪና ግን ሾፌሩ ቁልፉን ይዞ ቢወርድ ወይም ጉዳት ቢደርስበት ሌላው ተሳፋሪ መጥራት መቻል ስላለበት፣ ቁልፉን የሚያልፍ ተጨማሪ ማብሪያ ወይም ባትሪው ሲወርድ ራሱ የሚያቋርጥ መሣሪያ ይጨመርለታል።

አንቴናው

ለቪ.ኤች.ኤፍ. ከሁሉ የሚሻለው ቦታ የጣሪያው መካከል ነው፤ ጣሪያው ለአንቴናው እንደ ሁለተኛ ክንፍ ያገለግላልና። ተራው አንቴና የሞገዱ ርዝመት ሩብ ሲሆን፣ በ150 ሜጋ ኸርትዝ ግማሽ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ፖርቶመጋላ ባለበት መኪና አንቴናው በብረቱ መካከል ተደብቆ እንዳይቀር ከፍ ብሎ መገጠም አለበት። ጣሪያ መብሳት የማይፈልግ ባለቤት የማግኔት አንቴና ይመርጣል፤ ለጊዜው ያገለግላል፤ ኬብሉ ግን በር በተዘጋ ቁጥር እየተጨፈለቀ ስለሚሄድ የበሩ ጎማ ሰፊ በሆነበት በኩል ማሳለፍና በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል።

የአንቴናው ኬብል 50 ኦም የሆነው አር.ጂ. 58 ወይም አቻው ነው። የዲሽ ኬብል 75 ኦም ስለሆነ፣ ቢመሳሰልም አይሆንም።

የኤች.ኤፍ. አንቴና ሁለትና ሦስት ሜትር ስለሚረዝም በፊት መከላከያ ብረቱ ላይ ወይም በጎን በኩል ይገጠማል። እዚህ ላይ የሥራው ግማሽ አንቴናውን የሚይዘው ብረት ከመኪናው ቦዲ ጋር በደንብ መገናኘቱ ነው፤ መከላከያ ብረቱ በቀለምና በጎማ ተለይቶ ከተቀመጠ አንቴናው አይስተካከልም፤ አጭርና ሰፊ የመዳብ ጥልፍ በሁለቱ መካከል ይታሰራል። አንቴናው ወደ ኋላ ተጎትቶ በገመድ በታሰረበት ሁኔታ አይተላለፍም፤ በዝቅተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ሲታለፍ ግን መታሰሩ ግድ ነው። ሲተላለፍ አንቴናውን የነካ ሰው ቆዳው ይቃጠላልና ማንም ተደግፎት አለመቆሙ ይታይ።

ሙከራው

ያለ አንቴና አያስተላልፉ፤ የሬዲዮው የመጨረሻ ትራንዚስተር ሊቃጠል ይችላል። አንቴናው ከተገናኘ በኋላ፣ ከሚላክለት ኃይል ምን ያህሉን እንደሚመልስ በሚያሳየው በኤስ.ደብሊው.አር. ሜትር ይለካል። ከ1.5 በታች ከሆነ ከሚላከው ኃይል የሚመለሰው ከ4 በመቶ ያነሰ ነው፤ 2 ከሆነ 11 በመቶ፤ 3 ላይ ከደረሰ ሩቡ ወደ ሬዲዮው ስለሚመለስ ሥራው ቆሞ ኮኔክተሩና የአንቴናው እግር ይመርመር።

ቀጥሎ ረዳት ሰው ማይክሮፎኑን ይዞ ሲያስተላልፍ፣ በሬዲዮው ጀርባ ያለው ቮልቴጅ በቴስተር ይነበብ። በባትሪው ላይ ከሚነበበው ከግማሽ ቮልት በላይ ዝቅ ካለ፣ አንድ ቦታ የላላ ማያያዣ ወይም ቀጭን ኬብል አለ። የፊውዝ መያዣውን በእጅ መዳበስም ጥሩ ነው፤ ከሙከራው በኋላ የሞቀ መያዣ ክፉ ግንኙነት እንዳለው ይናገራል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ሲተላለፍ የዳሽቦርዱ መብራቶች ከበሩ ወይም የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ፣ የሬዲዮው ሞገድ ወደ መኪናው ኮምፒውተር እየገባ ነውና የአንቴናው ኬብል መንገድ ሳይቀየር መኪናው አይነዳም። ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ የሚቀጥን ፉጨት በድምፅ ማጉያው ከተሰማ ደግሞ በአብዛኛው ከዲናሞው የሚመጣ ነው፤ ኃይሉ በቀጥታ ከባትሪው መምጣቱና ኔጌቲቩ መጥበቁ በመጀመሪያ ይታይ።

ሬዲዮው ከተገጠመ በኋላ ለሾፌሩ ሊነገሩ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። በነዳጅ ማደያ ውስጥና ድንጋይ በፈንጂ በሚፈነዳበት የመንገድ ሥራ ወይም የካባ አካባቢ አይተላለፍም፤ በኤሌክትሪክ የሚነሡ ፈንጂዎች በሬዲዮ ሞገድ ሊነሡ ይችላሉ። መኪናው ላይ ብየዳ ሲሠራ የሬዲዮው ኃይልና የአንቴናው ኬብል ይነቀሉ፣ የባትሪውም ኔጌቲቭ ይፈታ። ባትሪው ሞቶ ከሌላ መኪና ኃይል ሲበደር፣ አበዳሪው 24 ቮልት የሆነ አይሱዙ አለመሆኑ ይጣራ፤ በደግነት ከመንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ሬዲዮውን ብቻ ሳይሆን የመኪናውንም ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር የፒስታ ጉዞ በኋላ መኪናው ይመለስና የባትሪው ማያያዣ፣ የቦዲው ብሎንና የአንቴናው እግር አንድ በአንድ በቁልፍ ይጠበቁ።